ስምንተኛዋ ቁምፊ ስለ ሞተሩ ምን ታውቃለች?



ያገለገለ ትራክ ለመግዛት የሚዞር ሰው ከጓደኛው የማይቀርለት አንድ ምክር አለ፦ «ቪኑን አውጣና ስምንተኛዋን እያት፤ ሞተሩን እሷ ትነግርሃለች።» ቪን የተሽከርካሪው መለያ ቁጥር ነው፤ ምክሩም መሠረት የሌለው አይደለም። በፎርድ ፒክአፕ፣ በሸቭሮሌና በዶጅ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። መለዋወጫ ሻጩም ራሱ «ስምንተኛዋ ምን ትላለች?» ብሎ ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው ያው ምክር ከፒክአፑ ወርዶ ባለ አሥራ ስምንት ጎማው ላይ ሲሳፈር ነው። እዚያ ስምንተኛዋ ስለ ክብደት ልትናገር ትችላለች፣ ስለ ፍሬንም ልትናገር ትችላለች፤ ስለ ሞተር የምትናገርበትም ፋብሪካ አለ። የሚወስነው ፋብሪካው ነው። ስለ ሞተር በምትናገርበት ጊዜ እንኳ ገዢ ማወቅ የሚፈልገውን ያህል እንድትናገር ሕግ አያስገድዳትም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው አብዛኞቻችን ወይ የራሳችንን ትራክ የምንነዳ ነን፣ ወይ ለመግዛት ገንዘብ የምናጠራቅም ነን። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ መንገድ ላይ ስላለው ከባድ ትራክ ነው፦ ቪኑ ስለ ሞተሩ ምን ይዟል፣ ምን አልያዘም፣ ያልያዘውስ ከየት ይገኛል። በመጨረሻ ደግሞ ሳታስቡት የምትሰሙትን አንድ ነገር እሟገታለሁ፤ አገር ቤት እያለን ስንማረርበት የኖርነው ሊብሬ በዚህ በአንድ ጉዳይ ከአሜሪካው የባለቤትነት ወረቀት፣ ከታይትሉ፣ የተሻለ ነው። አትሳቁ፣ እደርስበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የቁጥሩን አሠራር ቶሎ ልለፈው። ከ1981 ሞዴል በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ ቁጥር የሚመታው በራሱ ርዝመትና በራሱ ስልት ነበር። ከዚያ ሞዴል ጀምሮ ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሁሉንም 17 ቁምፊ አደረጋቸው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት ቀርተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አምራቹን፣ ዘጠነኛዋ ማረጋገጫን፣ አሥረኛዋ የሞዴል ዓመትን፣ አሥራ አንደኛዋ የተገጣጠመበትን ፋብሪካ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስቱ ተራ ቁጥርን ይይዛሉ። በፒክአፕና በቤት መኪና ላይ ቁጥሩ ከመስታወቱ ሥር በውጭ በኩል እንዲነበብ ግዴታ ነው። በከባድ ትራክ ላይ ይህ ግዴታ የለም፤ በሩን ከፍታችሁ ከበሩ አጠገብ ያለውን ምልክት ታነባላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። የምትጎትቱት ተሳቢም የራሱ 17 ቁምፊ አለው። ሞተር ስለሌለው ግን በዚያ ቦታ የሚናገረው ስለ ዓይነቱ፣ ስለ ርዝመቱና ስለ አክሱ ነው፤ በዚህ በኩል ተሳቢው ከጎታቹ ይልቅ ቅን ነው።

ስለ ተሽከርካሪው ራሱ የሚናገሩት ከአራተኛዋ እስከ ስምንተኛዋ ያሉት ብቻ ናቸው፤ አምስት ቁምፊ። ሕጉ ከአንድ ትራክ የሚጠይቀው ደግሞ ማርኩን፣ ሞዴሉን፣ ሲሪሱን፣ የሻንሲውን ዓይነት፣ የጋቢናውን ዓይነት፣ የሞተሩን ዓይነት፣ የፍሬኑን ሥርዓትና ጥቅል ክብደቱን ነው። ስምንት እንግዳ ተጠርቶ አምስት ወንበር ብቻ ተዘርግቷል ማለት ነው። በሒሳብ ደረጃ ችግር የለም፤ እያንዳንዱ ቦታ 33 ዓይነት ቁምፊ ስለሚችል አምስቱ ቦታ ከ39 ሚሊዮን በላይ ጥምረት ይሰጣል። ዳሩ ግን ጥምረት መብዛቱ አንባቢውን አይረዳውም። ፋብሪካው አንዷን ፊደል ለሞተርና ለፍሬን አንድ ላይ ሊሰጣት ይችላል፣ ወይም ሁለት ቦታ አጣምሮ ሞዴሉንና ጋቢናውን ሊገልጽባቸው ይችላል። የሕጉ ጥያቄ መረጃው እንዲገኝ ነው፤ የቱ ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ለፋብሪካው ተትቷል። ፋብሪካው የራሱን ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ የመጀመሪያው ትራክ ለሽያጭ ከመቅረቡ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባል። ስለዚህ የፍሬይትላይነርን ሰንጠረዥ የሸመደደ ሰው በኬንወርዝ ላይ ሊያነብበት አይችልም። ለዚህ ነው «ስምንተኛዋ» የሚለው ምክር በእኛ መኪና ላይ የማይሠራው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሕጉ «የሞተር ዓይነት» ሲል ምን ማለቱ ነው? የሚጠቅሳቸው መለያዎች የነዳጁ ዓይነት፣ የሲሊንደሩ ብዛት፣ መጠኑና የፈረስ ጉልበቱ ናቸው። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ትራክ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያውቃት ይገባል። የሞተሩ አምራችና ማርክ የግድ መገለጽ ያለበት፣ ሞተሩ የተገጠመው በቤት መኪና ላይ ወይም ጥቅል ክብደቱ 10,000 ፓውንድና ከዚያ በታች በሆነ ትራክ ላይ ሲሆን ነው ትላለች። ከዚያ በላይ ለሆነው ግዴታው አይሠራም። የእናንተ ጎታች ከነጭነቱ 80,000 ፓውንድ ይዞ በኢንተርስቴት ይሄዳል። ሕጉ ሞተሩን ማን እንደሠራው ቪኑ እንዲናገር አያስገድድም።

ነገሩን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ቶዮታ ካምሪ የሚገዛ ሰው ሞተሩን ማን እንደሠራው ይጠይቃል? አይጠይቅም። ጥያቄው የሕይወትና የሞት የሚሆነው በከባድ ትራክ ላይ ነው። አንዱ ፒተርቢልት በካሚንስ፣ ሌላው በፓካር ኤምኤክስ-13፣ አሮጌው ደግሞ በካተርፒላር ሲ15 ይመጣል። ፍሬይትላይነር ካስኬድያ ዲትሮይትም ካሚንስም ይዞ ይሸጣል። ካተርፒላር በ2008 ከአውራ ጎዳና ሞተር ሥራ እንደሚወጣ አስታውቆ በ2010 ወጥቷል፤ እሱን የያዘ ትራክ የሚገዛ ሰው ገበያውን የተወ አምራች ሞተር እየገዛ እንደሆነ ማወቅ አለበት። መለዋወጫው ይለያያል፣ ሜካኒኩ ይለያያል፣ የጥገናው ወጪ ይለያያል። የአምራቹ ስም ትልቅ ትርጉም ባለው ገበያ ሕጉ ዝም ብሎ፣ ትርጉም በሌለው ገበያ ተናገሩ ይላል። እንደ እኔ አመለካከት ሕጉ የተጻፈው የአደጋ መዝገብ ለሚያጠናቅርና ጉድለት ያለበትን ተሽከርካሪ ለሚያስጠራ ሰው እንጂ ለገዢ አይደለም። በዚህ አልወቅሰውም፤ የምወቅሰው ገዢው ለእሱ የተጻፈ ነው ብሎ ሲያምን ነው።

በፈረስ ጉልበቱም ላይ ልብ በሉ። ጉልበት በቪኑ ሲመዘገብ ከእውነተኛው 10 በመቶ ድረስ ሊርቅ ይፈቀድለታል። 500 ፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ፋብሪካው በ450 ቢመድበው ሕግ አልጣሰም፣ በ550 ቢመድበውም አልጣሰም። መካከሉ መቶ ፈረስ ነው፤ በዳገት ላይ 450ና 550 አንድ ናቸው የሚል ሾፌር እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። በዚያ ላይ ጉልበቱ ዛሬ የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የካሚንስ አይኤስኤክስ15ን ብትወስዱ፣ ያው ባለ 15 ሊትር ሞተር ከ400 እስከ 600 ፈረስ ጉልበት ድረስ በተለያየ ልክ ይሸጥ ነበር። አብዛኛውን ልዩነት የሚወስነው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ካሊብሬሽን ነው። ትራኩ ከፋብሪካ በወጣ በሦስተኛው ዓመት አከፋፋዩ ላፕቶፕ ሰክቶ ጉልበቱን ቢያሳድገው ቪኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

ለፋብሪካዎቹ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ብዙዎቹ ግዴታ ባይኖርባቸውም የሞተሩን አምራች በሰንጠረዣቸው ውስጥ ያስገባሉ። የኤንኤችቲኤስኤን ነፃ የቪን መፍቻ ከፍታችሁ 17ቱን ስታስገቡ አንዳንዴ አምራቹና ሞዴሉ ሳይቀር ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ነዳጁ ናፍጣ መሆኑና የሊትሩ መጠን ብቻ ወጥቶ ቀሪው መስመር ባዶ ይሆናል። ባዶ መስመር ስታገኙ ቪኑ የተጭበረበረ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ሙሉ መስመር ስታገኙ ደግሞ ትራኩ ታወቀ ብላችሁ አትቀመጡ፤ የተነገራችሁ በታዘዘበት ቀን ምን እንደተገጠመለት ነው።

«ማረጋገጫ ቁምፊ አለው አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለው፤ ዘጠነኛዋ እሷ ናት። የምታረጋግጠው ምን እንደሆነ ግን አንድ ጊዜ በእጃችን እንሥራው። እያንዳንዱ ቦታ የተመደበለት ማባዣ አለው፤ በቅደም ተከተል 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ ዘጠነኛዋ ራሷ 0፣ ከዚያ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2። ፊደላቱ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፣ እያንዳንዱ በማባዣው ይባዛል፣ ተደምሮ ለ11 ይካፈላል፣ ቀሪው ዘጠነኛዋ ላይ ይጻፋል። ቀሪው 10 ከሆነ ኤክስ ይጻፋል። አሁን 17ቱንም ቦታ በ1 ሙሉት። ድምሩ 89 ነው። ለ11 ሲካፈል 88 ይሄድና 1 ይቀራል። ዘጠነኛዋ ላይ ያለው ስንት ነው? 1። ትክክል! እንግዲህ አሥራ ሰባት አንድ የተደረደረበት፣ በዓለም ላይ የሌለ ትራክ፣ ማረጋገጫውን አለፈ ማለት ነው። ዘጠነኛዋ ጸሐፊው ሲገለብጥ መሳሳቱን ትይዛለች፤ ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን የሚያይ ዓይን የላትም።

ሞተር ደግሞ ይቀየራል። በከባድ ትራክ ላይ ሞተር አንድ ጊዜ ቢታደስ ወይም በሌላ ቢተካ የሚገርም አይደለም፤ ሻንሲው ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል። ቪኑ ግን አይነካም። መፋቅና መለወጥ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እንዲህም መሆን አለበት። ስለዚህ በሕግ የታሰረ ቁጥር፣ በገበያ የሚለዋወጥ ዕቃ ይገልጻል ተብሎ ተቀምጧል። በቤት መኪና በኩል ይህን ክፍተት ለማጥበብ ተሞክሯል፤ ከ1984 የስርቆት መከላከያ ሕግ የተነሣ ሌቦች በሚያዘወትሯቸው የቤት መኪናዎች ላይ ሞተሩን ጨምሮ ዋና ዋና ክፍሎች ከቪኑ ጋር የሚያያዝ ምልክት ይደረግባቸዋል። ያ ግዴታ ከባድ ትራክ ድረስ አልመጣም። የእናንተ ሞተር የራሱ ተራ ቁጥር አለው፣ ከሻንሲው ጋር የሚያስተሳስረው የፋብሪካው መዝገብ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ብር የሚያስከፍለው የት ነው? አንደኛው ቦታ ካሊፎርኒያ ነው። ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆነ የናፍጣ ተሽከርካሪ በዚያ ስቴት ለመሥራት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ ሞዴል የሆነ ሞተር ሊኖረው ይገባል። የተባለው የሞተሩ ሞዴል እንጂ የትራኩ አይደለም። ሕጉ ከሌላ ስቴት ጭነት ይዞ የሚገባውንም ይመለከታል። የቪኑ አሥረኛ ቁምፊ ደግሞ የትራኩን ዓመት ነው የሚነግራችሁ። የትራክ ፋብሪካ ሞተር ከሌላ ገዝቶ የሚገጥም በመሆኑ፣ የ2010 ሞዴል ተብሎ የተሸጠ ትራክ በ2009 የተመረተ ሞተር ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በ2011 ሞዴል ላይም ያጋጥማል። ማስታወቂያው «2010» ይላል፣ ታይትሉ «2010» ይላል፣ ቪኑም ያንኑ ይላል፤ ሦስቱም አልዋሹም። ዋጋው ቀነስ ብሎ ስታዩት ደስ ይላችኋል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የገባው ገዢ ሎስ አንጀለስ ወደብ ኮንቴይነር ሊያነሳ ሲሄድ ነው ነገሩ የሚገለጥለት።

አሥረኛዋን ካነሣን አይቀር፣ ከባድ ትራክን ብቻ የሚመለከት አንድ ቀልድ መሰል ነገር አለ። የዓመቱ ቁምፊ በየ30 ዓመቱ ይደጋገማል፤ ኤ የሚለው ፊደል 1980ም ነው፣ 2010ም ነው። ለቤት መኪናና ለቀላል ትራክ ይህን ለመለየት ሰባተኛዋ ቦታ ፊደል ከሆነች አዲሱ ዙር ነው የሚል መላ ተበጅቷል። ከ10,000 ፓውንድ በላይ ላለው መላው አይሠራም። በወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ሠላሳ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ትራኮች በአንድ ፊደል ይምታቱበታል። አዎ፣ ዓይን ያለው ሰው አይሳሳትም፤ ዳታቤዝ ግን ዓይን የለውም።

ታዲያ የሞተሩ ዓመት የት ይነበባል? ሞተሩ ራሱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ሽፋኑ ላይ በተለጠፈው የልቀት ምልክት። እዚያ «ኢንጂን ፋሚሊ» የሚል ባለ 12 ቁምፊ ስም አለ። አንዱን አብረን እናንብብ፦ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤክስ፣ ኤች፣ 0፣ 9፣ 1፣ 2፣ ከዚያ ሦስት ፊደላት። የመጀመሪያዋ ኤ ዓመቱ ናት፤ በቪኑ አሥረኛ ቦታ በምናውቀው ሰንጠረዥ 2010 ማለት ነው። 9 ብትሆን ኖሮ 2009 ነበር፣ ካሊፎርኒያም አታስገባችሁም ነበር። ሲ፣ ኢ፣ ኤክስ አምራቹን ካሚንስን ይናገራሉ፤ ዲትሮይት ቢሆን ዲ፣ ዲ፣ ኤክስ ይሉ ነበር። ኤች የአውራ ጎዳና ከባድ ሞተር መሆኑን ትገልጻለች። 0912 ደግሞ መጠኑ በኩብ ኢንች ነው፤ 912 ኩብ ኢንች ወደ ሊትር ሲለወጥ 14.9 ይሆናል፣ ማለትም ያው አይኤስኤክስ15 የምንለው። ቪኑ በአምስት ቦታ ስምንት ነገር ሊናገር እየታገለ የተወውን፣ ይህች ምልክት ስለ አንድ ነገር ብቻ ስለምትናገር በግልጽ ትነግራችኋለች። ነጋዴው «ምልክቱ ተልጧል» ካላችሁ፣ የሞተሩን ተራ ቁጥር ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ለአምራቹ አከፋፋይ ደውሉ፤ የተመረተበትን ቀንና ፋሚሊውን ከመዝገቡ ያወጣላችኋል። ካሚንስ ቤት መለዋወጫ የሚታዘዘውም በዚሁ ቁጥር ነው። በዲትሮይት ላይ ቁጥሩ ሲጀምር ብቻ ብዙ ይናገራል፦ 471 ካለ ዲዲ13፣ 472 ካለ ዲዲ15፣ 473 ካለ ዲዲ16።

ሁለተኛው ቦታ የኢኤልዲ ጉዳይ ነው። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ የሾፌሩ የሥራ ሰዓት ኢኤልዲ በሚባል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲመዘገብ ሲታዘዝ ከ2000 ሞዴል በፊት የተሠሩት ነፃ ወጡ። ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፤ የማን ሞዴል? የጥያቄው ምክንያት ግላይደር የሚባለው ትራክ ነበር። ግላይደር ማለት አዲስ ሻንሲና አዲስ ጋቢና ያለ ሞተርና ያለ ካምቢዮ ከፋብሪካ ገዝቶ፣ አሮጌ ሞተር አድሶ መግጠም ነው። ብዙ ሰው የወደደው በእሱ ላይ የሚገጠሙት እንደ ዲትሮይት ሲሪስ 60 ያሉ አሮጌ ሞተሮች የጭስ ማጣሪያውን ጣጣ ስለማያውቁት ነው፤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤም በ2016 ያወጣው ደንብ ግላይደርን ያጠበበው በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን አስቡት፦ ከፋብሪካ ሲወጣ ሞተር ያልነበረው ተሽከርካሪ ቪን ስለ ሞተሩ ምን ሊል ይችላል? የፌዴራሉ የጭነት ትራንስፖርት ተቆጣጣሪ የሰጠው መልስ ተግባራዊ ነበር፤ ምዝገባው አዲስ ዓመት ቢያሳይም ሞተሩ ከ2000 በፊት ከሆነ ነፃ ነው አለ። ሾፌሩ መንገድ ላይ የሞተሩን ወረቀት እንዲያሳይ አይገደድም፤ የሞተር ለውጥ ሰነድ ግን በድርጅቱ ዋና ቢሮ መቀመጥ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ቪኑን ትቶ ወደ ሞተሩ ዞረ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር አንዲት ነገር፤ ኢኤልዲው ሲሰካ ቪኑን የሚያነበው ከኢሲኤሙ፣ ከሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ያገለገለ ሞተር ከነኢሲኤሙ ተገዝቶ ከተገጠመና ሜካኒኩ ቁጥሩን ካላስተካከለ፣ መሣሪያው የሚያሳየው የሟቹን ትራክ ቪን ይሆናል። በምርመራ ጣቢያ፣ በትራኩ በር ላይ አንድ ቁጥር፣ በመሣሪያው መዝገብ ላይ ሌላ ቁጥር ሲገኝ ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ነው። ስትገዙ ግን ይኸው ጉድለት ይጠቅማችኋል፤ ኢሲኤሙን አስነብቡና ከበሩ ምልክት ጋር አመሳክሩ። ሁለቱ ከተለያዩ አንድም ሞተሩ፣ አንድም ኮምፒውተሩ ከሌላ ቤት መጥቷል። ኪሎ ሜትሩም አብሮ ሊመጣ ይችላልና የስንት ማይል ሞተር እንደሆነ መጠየቅ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ሦስተኛው ቦታ የጥገና ጥሪ ነው። በ2018 ካሚንስ በልቀት ማጣሪያው ጉድለት ምክንያት ወደ 500,000 የሚጠጉ መካከለኛና ከባድ ትራኮች እንዲጠገኑ ጥሪ አድርጓል። ጉድለቱ ያለው ከሞተሩ ጋር በመጣው ሥርዓት ላይ ነው፣ ደብዳቤው የሚሄደው ግን ትራኩ ወደተመዘገበበት ባለቤት ነው። ሞተሩ ከነማጣሪያው ወደ ሌላ ሻንሲ ከተዛወረ፣ ደብዳቤውና ዕቃው ይጠፋፋሉ።

እንግዲህ ወደ ሊብሬው። አገር ቤት የአንድ ሲኖትራክ ሊብሬ ስትከፍቱ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሁለቱም ተጽፈው ታገኛላችሁ። ሞተሩን የቀየረ ሰው አዲሱ ሞተር ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ ወረቀቱን ይዞ ይመላለሳል፣ ሊብሬው ይስተካከላል። ምልልሱ ምን ያህል እንደሚያደክም አትንገሩኝ፤ ግማሽ ቀን ወረፋ ይዞ «ነገ ና» የተባለ ሰው እዚህ ብዙ አለ። ሥራው ግን ትክክል ነው። ሁለት ዕድሜ ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ሁለት ቁጥር ይዘው በአንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲለወጥ አንዱ መስመር ይለወጣል። የአሜሪካው ታይትል የሚያውቀው ቪኑን ብቻ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እስከ 1950ዎቹ ድረስ በብዙ ስቴቶች መኪና የሚመዘገበው በሞተር ቁጥሩ ነበር። ሞተር ሲቀየር መኪናው በወረቀት ሌላ መኪና ሆኖ ያርፍ ስለነበር ወደ ሻንሲው ቁጥር ዞሩ። በሞተር ቁጥር ብቻ መመዝገብን መተዋቸው ተገቢ ነበር። ሲተዉት ግን ሙሉ በሙሉ ጣሉት፤ የሞተሩን ነገር ለመመለስ ደግሞ በአምስት ቁምፊ ውስጥ ሊያጭቁት ሞከሩ።

አንዳንድ የሙያ ሰዎች መፍትሔው ሕጉን አሻሽሎ የሞተሩን አምራች በከባድ ትራክ ቪን ውስጥም ግዴታ ማድረግ ነው ይላሉ። አልቃወምም፣ ግን ብዙ አይጠቅምም። አምራቹ ቢጻፍ ዓመቱ አይኖርም፤ ዓመቱ ቢጨመር ነገ ሞተሩ ይቀየራል፤ ዛሬ ደግሞ እንደ ኢካስኬድያ ያለ ሲሊንደርም ሊትርም የማይቆጠርለት ኤሌክትሪክ ጎታች አለ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቪኑ ስለ ሻንሲው ይናገር፣ በታይትሉ ላይ ለሞተር ተራ ቁጥርና ለሞተር ሞዴል ዓመት አንድ አንድ መስመር ይጨመር፣ ሞተር የቀየረ ባለቤት በኢንተርኔት ያስመዝግብ። የካሊፎርኒያው የአየር ጥራት ባለሥልጣን የሞተር መረጃ ከባለቤቶች መሰብሰብ ከጀመረ ቆይቷል፤ በአንድ ስቴት ከተቻለ በሌሎቹ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ያ እስኪሆን ድረስ መዝገቡን የምትይዙት ራሳችሁ ናችሁ። ትራክ ልታዩ ስትሄዱ የበሩን ምልክት፣ በሻንሲው ብረት ላይ የተመታውን፣ የሞተሩን ሰሌዳ፣ የልቀቱን ምልክትና የኢሲኤሙን ንባብ ፎቶ አንሡ፤ ሻጩ «ለምንድን ነው?» ካለ ኢንሹራንሱ ጠየቀኝ በሉት። ሞተር ስትቀይሩ የጋራዡን ደረሰኝ፣ የወጣውንና የገባውን ሞተር ተራ ቁጥር አስጽፋችሁ ከታይትሉ ጋር አስቀምጡ። ደረሰኙ ላይ «ሞተር ተቀየረ» ብቻ ብሎ የሚሰጣችሁን ሜካኒክ መልሳችሁ አስጽፉት።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። የትራካችሁን የልቀት ምልክት ፎቶ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ለሚያስተባብሩት ልጆች ስጧቸው፤ ስክሪኑ ላይ አድርገን አንድ በአንድ እናነባቸዋለን። ተራ ቁጥሩን ግን በጣታችሁ ሸፍኑት።